መምህር ያልነበረው ሙያ፤ ራሳቸውን ያስተማሩ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ታሪክ

ሕክምናም ሆነ ሕግ፣ ምሕንድስናም ሆነ የሒሳብ አያያዝ፣ በዘመናችን ሙያ ተብሎ የሚጠራው ሁሉ የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ ፈተናና የራሱ የምስክር ወረቀት አለው። ወደ ሙያው ለመግባት የሚፈልግ ሰው በዚያ በር ያልፋል፤ በሩን የሚጠብቁትም ቀደም ብለው የገቡት ናቸው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ ግን ያደገው ከዚህ በተለየ መንገድ ነው። ሙያው አዲስ ቅርንጫፍ ባወጣ ቁጥር፣ ቅርንጫፉን ያበቀሉት ሰዎች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም ነበር። በመሆኑም ራሳቸውን እያስተማሩ ሠሩ፤ ትምህርት ቤቱ የመጣው ከሥራው በኋላ ነው።

ይህ ነገር ለማኅበራችን አባላት የታሪክ ወግ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በየመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ለመቅጠር ስንቀመጥ ሁለት ዐይነት ማመልከቻ ከፊታችን ይቀርባል። አንደኛው በሙያው የተገኘ ዲግሪ የተያያዘበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሌላ ትምህርት የተመረቀ ወይም ከነጭራሹ ያልተመረቀ ወጣት፣ ድረ ገጽ መሥራትንና ዳታ መተንተንን በራሱ ጥረት እንደ ተማረ የሚገልጽበት ነው። ይህ ሁለተኛው ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ወደ ጎን ይቀመጣል። እንዲህ ማድረጋችን ተገቢ ነውን? መልስ ከመስጠታችን በፊት ታሪኩን መመልከት ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በዓለም አቀፍ ታሪክነት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ንድፍ ብቻ የተሰጣቸው ስድስት ሴቶች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ «ኮምፒዩተር» የሚለው ቃል የሚያመለክተው መሣሪያን ሳይሆን ሰውን ነበር። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥረው የመድፍ ጥይት የሚሄድበትን መንገድ በእጅና በሒሳብ መኪና የሚያሰሉ ወጣት ሴቶች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። በ1945 የጦር ሠራዊቱ ከእነዚህ መካከል ስድስቱን መርጦ፣ ኢኒያክ በተባለው አዲስ መሣሪያ ላይ ያንኑ ስሌት እንዲያሠሩ መደባቸው። እነርሱም ካትሊን ማክነልቲ፣ ጂን ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ቢላስና ሩት ሊክተርማን ነበሩ።

ኢኒያክ ወደ 18000 የሚጠጉ የኤሌክትሮን ቱቦዎች ያሉትና 30 ቶን ያህል የሚመዝን መሣሪያ ነበር። የፕሮግራም ቋንቋ አልነበረውም፤ የአሠራር መመሪያም አልተጻፈለትም። ለስድስቱ ሴቶች የተሰጣቸው የመሣሪያው የውስጥ ንድፍ ነበር። ንድፉን ዘርግተው፣ ያልገባቸውን መሐንዲሶቹን እየጠየቁ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ተግባር ለይተው ካወቁ በኋላ፣ ሽቦዎቹን በማገናኘትና ማብሪያ ማጥፊያዎቹን በማስተካከል መሣሪያው የተፈለገውን እንዲያሰላ አደረጉት። በፌብሩዋሪ 1946 ኢኒያክ ለሕዝብ በታየ ጊዜ ተመልካቹን ያስደነቀው የጥይት መንገድ ስሌት የእነርሱ ሥራ ነበር። ስማቸው ግን በዚያ ቀን አልተነሣም። ተገቢውን ዕውቅና ያገኙትም ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ እነዚህን ሴቶች የፕሮግራም ትምህርት ምስክር ወረቀት ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም ነበር፤ የሚሰጥ ተቋም አልነበረምና። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲፕሎማ ማስተማር የጀመረው በ1953 ሲሆን፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ሳይንስ የትምህርት ክፍል በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1962 ነው። ሁለተኛው ነገር፣ ሴቶቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ስሌቱን ከመሣሪያው በፊት በእጃቸው ሠርተውታል፤ መልሱ ምን መምሰል እንዳለበት ያውቃሉ። ራስን ማስተማር ማለት ከምንም መነሣት ሳይሆን፣ በደንብ ከሚያውቁት ነገር ተነሥቶ ወደማያውቁት መሻገር መሆኑን የእነርሱ ሥራ ያስረዳል።

ምሥጢሩን የማይሸሽግ ገጽ

ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ተመሳሳይ ነገር በሌላ ቦታ ተደገመ። ቲም በርነርስ ሊ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምረው በ1976 የተመረቁ እንግሊዛዊ ናቸው። በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሴርን በተባለው የኒውክልየር ምርምር ድርጅት ሲሠሩ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ሳይንቲስቶች ጽሑፋቸውን በማይግባቡ መሣሪያዎች ላይ ስለሚያስቀምጡ ብዙ ዕውቀት እንደሚባክን ተመለከቱ። በማርች 1989 ጽሑፎችን ሁሉ እንደ ድር የሚያያይዝ ዘዴ ለአለቆቻቸው አቀረቡ። በ1990 መጨረሻም የመጀመሪያውን ማሰሻና የመጀመሪያውን ገጽ አቅራቢ ፕሮግራም ሠርተው ጨረሱ። ቤልጂጋዊው ሮበርት ካዮ በዚህ ሥራ ረድተዋቸዋል። በኤፕሪል 30 ቀን 1993 ሴርን ዘዴውን ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ።

ይህ ፈቃድ ለተማሪው ምን ማለት እንደ ነበር ማስተዋል ይገባል። የድር ገጽ ወደ አንባቢው መሣሪያ የሚደርሰው ከተጻፈበት ኮድ ጋር ነው። አንባቢው ከፈለገ የገጹን ኮድ ከፍቶ ያያል፤ ገልብጦ አንድ መስመር ይለውጣል፤ ውጤቱንም ወዲያው ያያል። አንድ ሸማኔ ጥለቱን እንዴት እንደ ሠራው ለማወቅ ጨርቁን መተርተር ያስፈልግ ይሆናል፤ ገጹ ግን ሳይጎዳ ይተረተራል። በ1990ዎቹ በርካታ ወጣቶች ድረ ገጽ መሥራትን የተማሩት በዚህ መንገድ ነው። መምህራቸው የሌላው ሰው ሥራ ነበር።

መሣሪያዎቹ ራሳቸው የተወለዱት እንዲሁ ነው። በግሪንላንድ የተወለዱት ራስሙስ ለርዶርፍ የሥራ ታሪካቸውን በሚገልጸው የግል ገጻቸው ላይ ማን እንደሚጎበኛቸው ለመቁጠር ጥቃቅን ፕሮግራሞች ጻፉ፤ በጁን 1995 ለማንም በነጻ ሰጧቸው። ከእነዚያ ፒኤችፒ የተባለው ቋንቋ አደገ። የዊኪፔዲያ መዝገበ ዕውቀት የሚሠራበት ፕሮግራም የተጻፈው በዚህ ቋንቋ ነው። በዚያው ዓመት በኔትስኬፕ ኩባንያ ብሬንዳን አይክ የመጀመሪያውን ጃቫስክሪፕት በ10 ቀን ውስጥ ጽፈው አቀረቡ።

ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በጥድፊያ የተሠሩት መሣሪያዎች ጉድለታቸውን ይዘው ተስፋፉ፤ እየገለበጡ የተማሩትም ጉድለቱን አብረው ገለበጡ። ለምሳሌ ያህል፣ ጎብኚው በቅጽ ላይ የሞላውን ጽሑፍ ሳይመረምሩ በቀጥታ ለመረጃ ቋት እንደ ትእዛዝ አድርጎ ማቀበል ለረጅም ጊዜ የተለመደ አሠራር ነበር። በዚህም ምክንያት ተንኮል ያሰበ ሰው ከስም ፈንታ ትእዛዝ ጽፎ የሰዎችን ምሥጢር ማውጣት ወይም መዝገቡን መደምሰስ ቻለ። ገጹ በደንብ ይሠራ ስለ ነበር ጸሐፊው ስሕተቱን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ራሱን ያስተማረ ሰው ትልቁ አደጋ ይህ ነው፤ የሚያውቀውን በሥራው ያረጋግጣል፣ የማያውቀውን ግን ማን ያሳየዋል?

ለራሳቸው ችግር መሣሪያ የሠሩ ሳይንቲስቶች

ዛሬ ዳታ ሳይንስ የሚባለው የሥራ መስክ ከስያሜው በፊት የነበረ ነው። የስታቲስቲክስ ሊቅ የነበሩት ጆን ቱኪ በ1962 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ዳታን መመርመር ከሒሳባዊ ስታቲስቲክስ የሰፋ፣ ራሱን የቻለ ሳይንስ መሆን እንዳለበት አመልክተው ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን፣ ለተማሪዎቻቸው የሚሆን የስታቲስቲክስ መሣሪያ ቢያጡ አር የተባለውን ቋንቋ ሠሩ፤ በ1995ም በነጻ ፈቃድ አወጡት። በአምስተርዳም ደግሞ ጊዶ ቫን ሮሰም በ1989 መጨረሻ የጀመሩትን ፓይተን የተባለ ቋንቋ በ1991 ለሕዝብ አቀረቡ። ፓይተን በቀላሉ የሚነበብ በመሆኑ ሙያቸው ፕሮግራም ያልሆነ ሰዎች ሁሉ ወደዱት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለጉዳያችን ዋነኛ ምስክር ነው። ፈርናንዶ ፔሬዝ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ፣ ከዳታ ጋር እየተነጋገሩ መሥራት የሚያስችላቸውን አይፓይተን የተባለ መሣሪያ በ2001 ጻፉ። ጆን ሀንተር በቺካጎ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን የአንጎል ኤሌክትሪክ ምልክት ይመረምሩ ነበር፤ ምልክቱን በሥዕል የሚያሳያቸው የሚስማማ መሣሪያ ባለማግኘታቸው በ2003 ማትፕሎትሊብን ሠሩ። ትራቪስ ኦሊፋንት በሕክምና ምስሎች ላይ ምርምር ካደረጉ በኋላ፣ የቁጥር ሠንጠረዦችን በፍጥነት የሚያሰላውን ነምፓይ በ2006 በመጀመሪያ እትሙ አወጡ። የሒሳብ ተማሪ የነበሩት ዌስ ማኪኒ በአንድ የገንዘብ ኩባንያ ተቀጥረው ሲሠሩ፣ ቀንና ሰዓት ያለባቸውን ሠንጠረዦች ለማስተካከል የሚወስደው ጊዜ ቢያስመርራቸው በ2008 ፓንዳስን መጻፍ ጀመሩ፤ በ2009 ለሁሉም ክፍት ሆነ።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሶፍትዌር እንዲሠራ ታስቦ የሠለጠነ አልነበረም። አንዱ ፊዚክስ፣ አንዱ የነርቭ ሥነ ሕይወት፣ አንዱ የሕክምና ምስል፣ አንዱ ሒሳብ ያውቁ ነበር። ችግሩን ከውስጥ ስለሚያውቁት መሣሪያው ምን መሥራት እንዳለበት ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም። ሥራው ግን ዋጋ አስከፍሎአል። በዩኒቨርሲቲ ዓለም ዕድገት የሚገኘው በታተመ ጥናት እንጂ ሌሎች በሚገለገሉበት ፕሮግራም ስላልነበር፣ ለመሣሪያው የዋለው ሰዓት ከሙያ ዕድገት የተቀነሰ ሰዓት ነበር። ጆን ሀንተር በ2012 ሲሞቱ ማትፕሎትሊብ በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ያገለግል ነበር። በኤፕሪል 2019 ኤም87 በተባለው የከዋክብት ስብስብ መካከል ያለው ጥቁር ጉድጓድ ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ፣ ምስሉን ለማቀናበር ካገለገሉት መሣሪያዎች መካከል ነምፓይና ማትፕሎትሊብ ይገኙባቸዋል። «የዳታ ሳይንቲስት» የሚለው የሥራ መጠሪያ በአሜሪካ ኩባንያዎች መለመድ የጀመረው በ2008 አካባቢ ነው። ስሙ ሲሰጥ ሥራው አስቀድሞ እየተሠራ ነበር።

ዲግሪ ያላስቀረው ስሕተት

«ራሱን ያስተማረ ሰው ይሳሳታል» የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ነገር ግን የተማረውስ? በ2010 ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት፣ ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ፣ የመንግሥት ዕዳና የኢኮኖሚ ዕድገት ያላቸውን ግንኙነት የሚመለከት ጥናት አሳተሙ። ዕዳቸው ከዓመታዊ ምርታቸው 90 በመቶ በላይ የሆነ አገሮች አማካይ ዕድገታቸው 0.1 በመቶ የቁልቁለት እንደ ነበር ጥናቱ ገለጸ። ጽሑፉ በአውሮፓና በአሜሪካ የመንግሥት ወጪ ይቀነስ ለሚሉ ወገኖች ትልቅ መከራከሪያ ሆነ።

በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በአምኸርስት ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንዶን ይህን ጥናት ለክፍል ሥራ ደግሞ ለማስላት ቢሞክር ውጤቱ አልገጥምለት አለ። ሊቃውንቱን ጠይቆ የኤክሴል ሠንጠረዡን አገኘ። ሠንጠረዡን ሲያይ የአማካዩ ቀመር 20 አገሮችን መደመር ሲገባው በፊደል ተራ የመጀመሪያዎቹን አምስቱን፣ ማለትም አውስትራሊያን፣ ኦስትሪያን፣ ቤልጂግን፣ ካናዳንና ዴንማርክን እንደ ዘለላቸው ተመለከተ። በ2013 ከሁለት መምህራኑ ጋር ባወጣው ጽሑፍ፣ ይህና ሌሎች የስሌት ምርጫዎች ሲስተካከሉ አማካዩ 2.2 በመቶ ዕድገት እንደሚሆን አሳየ። ሊቃውንቱ የቀመሩን ስሕተት አምነው ተቀበሉ፤ የዋናውን መደምደሚያ አቅጣጫ ግን እንደ ጸኑ ተከራከሩ።

የዚህ ታሪክ ትርጉም ሊቃውንትን ማቃለል አይደለም፤ ሠንጠረዣቸውን ለአንድ ተማሪ መስጠታቸው ራሱ የሚያስመሰግን ነው። ትርጉሙ፣ ከስሕተት የሚያድነው የምስክር ወረቀት ሳይሆን ሥራው በሌላ ሰው ዐይን መታየቱ ነው የሚል ነው። ዲግሪ ያለውም ሆነ የሌለው፣ ሥራውን ዘግቶ የሚይዝ ሰው በእኩል አደጋ ላይ ነው።

የእኛው ጉዳይ

በአገራችንም ይህ ታሪክ ሥር አለው። የግእዝ ፊደል በአማርኛ አገልግሎቱ 33 ዋና ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ በዚህ ላይ ዲቃሎቹ፣ አኀዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ይጨመራሉ። የቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ለሆሄ የነበራቸው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ከፊሉ በላቲን ፊደል የተያዘ ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የተነሡ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና ተማሪዎች፣ በውጭም በውስጥም፣ ይህን እንዴት እንደሚፈቱ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ፈታው። መፍትሔው የየግል ስለ ነበርም በአንዱ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ይህ ችግር መሠረታዊ መፍትሔ ያገኘው በ1999 ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ ለፊደላችን 345 ምልክቶች ያሉት የጋራ ቦታ በሰጠው ጊዜ ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1997 ነበር።

ነገር ግን ፊደሉ ቦታ ማግኘቱ ዳታውን አላቀናውም። የአማርኛ ጽሑፍ የሚቈጥር ፕሮግራም ፀሐይን፣ ጸሐይን፣ ፀሀይንና ጸሀይን አራት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቈጥራቸዋል። በእኛ አቆጣጠር በተመዘገበ የልደት ዓመት ላይ ስምንት ጨምሮ ወደ አውሮፓ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት የተወለዱትን ሁሉ በአንድ ዓመት ያሳስታቸዋል፤ ለእነርሱ የሚጨመረው ሰባት ነውና። ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ቅጽ በጳጉሜን የተወለደን ሕፃን አልመዘግብም ይላል። የቤተሰብ ስም አለ ብሎ የሚያስብ ፕሮግራም ሦስተኛውን ስም ይዞ አባትን ከልጁ፣ ሚስትን ከባልዋ ይለያል፤ ቤተሰብ መሆናቸው ይጠፋዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ክሊኒክ እንድትመጣ የተቀጠረች እናት፣ ሰዓቱ በፕሮግራሙ ውስጥ ሳይለወጥ ከገባ፣ በሌሊት ትጠበቃለች።

እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች በሕፃናት ክትባት፣ በትምህርት ቤት ምዝገባና በሕዝብ ቆጠራ ላይ ሲደመሩ የሰው ጉዳይ ይሆናሉ። በውጭ አገር የታተመ መማሪያ መጽሐፍ ደግሞ አያስተምራቸውም። ስለዚህ በዚህ በኩል ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ባለሙያና በኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ የተማረው ወጣት እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ራሳቸውን ማስተማር አለባቸው።

ምን ይደረግ?

ራሳቸውን ያስተማሩትን ስናመሰግን አንድ ነገር እንዳንዘነጋ ያስፈልጋል። ያለ መምህር ለመማርም መብራት፣ መሣሪያ፣ የማያቋርጥ መስመር፣ እንግሊዝኛና ትርፍ ሰዓት ያስፈልጋል። ውሃ ስትቀዳና ታናናሾቿን ስትጠብቅ የምትውል ልጅ ይህ ሰዓት የላትም። ስለሆነም የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ትምህርት ቤት አያስፈልግም ለሚል ሰው መከራከሪያ ሊሆን አይገባም። በራሳቸው ጥረት የደረሱትን እናያቸዋለን፤ ዕድሉን ባለማግኘት በመንገድ የቀሩትን ግን አናያቸውም።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን ሊያደርግ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ሠራተኛ ስንመርጥ ከወረቀቱ ጋር ሥራውን መጠየቅ ነው። አመልካቹ የሠራውን ይዞ ይምጣ፤ እንዴት እንደ ሠራው ያስረዳ፤ ሆን ተብሎ ስሕተት የገባበት አንድ አነስተኛ ሠንጠረዥ ተሰጥቶት ስሕተቱን ይፈልግ። ዲግሪ ያለውም በዚሁ ይፈተን። ሁለተኛው፣ ሥራ የጀመረውን ብቻውን አለመተው ነው። ከላይ እንደ ተመለከትነው ራሱን ያስተማረ ሰው የሚጎድለው ትጋት ሳይሆን የማያውቀውን የሚያሳየው ሰው ነው፤ ስለዚህ የናሙና አወሳሰድን፣ የመረጃ ጥበቃንና የሰዎችን ምሥጢር መጠበቅን የሚያስተምረው፣ ኮዱንም የሚያነብለት አንድ አንጋፋ ባለሙያ ይመደብለት። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ማስቀጸሉ የቆየ ሥርዓት ነው፤ በእኛም ሙያ ቢለመድ የሚያስነቅፍ አይሆንም። ሦስተኛው፣ ያወቅነውን በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መጻፍ ነው። የጳጉሜንን ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ፈትቶ በመሳቢያው ቢቈልፈው፣ ጎረቤቱ መሥሪያ ቤት እንደገና ከመጀመሪያው ይደክምበታል። የግእዝ ፊደል ለዓመታት የተጉላላው በዚህ ዐይነት የተናጠል ድካም እንደ ነበር አይተናል።

ታሪኩን ጠጋ ብለን ስናየው፣ ራሱን ብቻውን ያስተማረ ሰው ከቶ አልተገኘም። ስድስቱ ሴቶች መሐንዲሶቹን ጠይቀዋል። የድር ገጽ ተማሪው ሌላው የጻፈውን ኮድ አንብቧል። ፔሬዝ፣ ሀንተር፣ ኦሊፋንትና ማኪኒ እያንዳንዳቸው ከእነርሱ በፊት በነጻ በተሰጠ ሥራ ላይ ጨምረዋል። ሄርንዶንም ሠንጠረዡን የሰጠው ሰው ባይኖር ስሕተቱን አያገኘውም ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ለዚህ ነው። ያለ መምህር የሚማር ሰው መምህሩን አያየውም እንጂ፣ አንድ ሰው አስቀድሞ አውቆ፣ ጽፎ፣ ሳይሸሽግ አስቀምጦለታል።

እንግዲህ ወደ ጎን ያስቀመጥነውን ማመልከቻ አንሥተን እናንብበው። የሚመጣው ወጣት ሊሳሳት ይችላል፤ እኛም እንደዚያው። የሚያስፈልገው ሁለታችንም ሥራችንን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን መተያየታችን ነው።